የተሰረዘ ደብተር

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት የአዲስ አበባ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰዎች ናቸው። ጋሼ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት የነበሩ፣ ኋላም በደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ አልፈው አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መምህርት ጉራራ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ታስተምራለች። የጋሼ የልጅ ልጅ የእሷ ተማሪ ነው።

ጋሼ፦ ነይ ተቀመጪ ልጄ። ሻይ ይምጣልሽ። አስቀድሜ ልንገርሽ፣ የጠራሁሽ ለክስ ነው።

መምህርት፦ ደብተሩን ይዘው ሲጠብቁኝ አይቼ ጠርጥሬያለሁ፣ ጋሼ።

ጋሼ፦ በይ ይህን ገጽ እዪልኝ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሦስቱንም ሰርዟቸዋል። ከዳር በቀስት ሌላ ነገር አስገብቶ፣ የእሱንም ግማሽ መልሶ ሰርዟል። «ፀሐይ»ን አንዴ በጸሎቱ «ጸ»፣ አንዴ በፀሐዩ «ፀ» ይጽፋታል። አራት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም። የአንቺ ቀይ እስክሪብቶ ግን የትም የለም! ከታች በእርሳስ «ከዚያስ አያትህ ምን አሉ?» ብለሽ ጠይቀሽ ትተሽዋል። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የመጣ ልጅ ወላጁን ነበር የማስጠራው።

መምህርት፦ ዛሬ ደግሞ ወላጁ አስተማሪዋን አስጠሩ። ለመሆኑ የጻፈውን አንብበውታል?

ጋሼ፦ ምኑ ይነበባል?

መምህርት፦ እኔ ላንብብልዎ። መጀመሪያ የጻፈው ይኸውልዎ፦ «ጅብ የዱር እንስሳ ነው። ጅብ ሥጋ በል ነው። ጅብ በሌሊት ይንቀሳቀሳል።» ልጁ እዚህ ውስጥ የለም፤ ይህን ጅብ አዋሬ ያለ ልጅም፣ አዳማ ያለ ልጅም እንዲሁ ይጽፈዋል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አንተ ጅብ ሰምተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «በየማታው!» አለኝ። «እሱን ጻፈዋ» አልኩት። ሦስቱን ሰረዘና በቀስት ይህን አስገባ፦ «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጅብ ከእንጦጦ ይወርዳል። መጀመሪያ የላይ ሰፈር ውሾች ይጮኻሉ። ቀጥሎ የኛ ሰፈር። አያቴ ከውሾቹ ጩኸት ጅቡ የት እንደደረሰ ያውቃል።»

ጋሼ፦ (ይስቃሉ) «ያውቃል» ይለኛል? በአንተ!

መምህርት፦ እሱ ሐሙስ ይታረማል።

ጋሼ፦ ሐሙስ ምንድን ነው?

መምህርት፦ እኔ ክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ አንድ ሳምንት ሙሉ ይኖራል። ሰኞ ምንም አይጻፍም፤ ወሬ ነው። ስለሚጽፉት ነገር ለጎረቤታቸው ይነግራሉ፣ የፈለገ ሥዕል ይሥላል፣ ከፍ ያሉት ቢጋር ያወጣሉ። ማክሰኞ ያረቅቃሉ። ያን ቀን ስለ ፊደል የሚጠይቀኝ ልጅ መልስ አያገኝም፣ «እንደመሰለህ ጻፈው፣ ዝም ብለህ ቀጥል» ነው የምለው። ረቡዕ ለጓደኛቸው ያነባሉ፣ እኔም እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ክለሳው ከጥያቄው ይመጣል። ሐሙስ ፊደሉ፣ ሥርዓተ ነጥቡ፣ አንቱታው። ዓርብ በንጹሕ ይገለብጡና ለክፍሉ ያነቡታል። ቀይ እስክሪብቶዬ ከሐሙስ በፊት ከቦርሳ አይወጣም። እርስዎ ያዩት የረቡዕ ደብተር ነው።

ጋሼ፦ እንግዲህ የፈረንጅ ነገር ነው በይኛ። ኮተቤ ያስተማሩሽ።

መምህርት፦ ስሙን ያወጡለት ፈረንጆች መሆናቸውን አልክድም። ዶናልድ መሪ የሚባል የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበር፤ ኋላ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 ጽሕፈትን እንዳለቀ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሥራ ሂደት አስተምሩት ብሎ ጻፈ። ለሙያተኛ የገባው ነገር ነው፤ ጋዜጠኛ ሳይሰርዝ ጽፎ አያውቅማ። ከእሱ በኋላ ዶናልድ ግሬቭስ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ከልጆች አጠገብ ተቀምጦ ሲጽፉ ዐየ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። ብዙ ትምህርት ቤት የተከተለው ያኔ ነው።

ጋሼ፦ ኒው ሃምፕሻየር ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ይቀመጣል?

መምህርት፦ አውቃለሁ ወዴት እንደሚሄዱ።

ጋሼ፦ ልሂድ እንጂ! እዚህ አገር ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው ደንብ እንኳ በአንድ ክፍል 50 ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ጠርተሽ፣ ዝም አሰኝተሽ፣ ጠመኔ ፈልገሽ 30 ይቀርሻል። ለአንድ ልጅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢደርሰው ነው። በግማሽ ደቂቃ «አያትህ ምን አሉ?» ብለሽ መልሱን ሳትሰሚ ደወል ይደወላል።

መምህርት፦ ሁሉም ጋ በየቀኑ አልደርስም። በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥር ልጅ ጋ ከደረስኩ ደስ ይለኛል፤ የቀረው በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ነው። እስከዚያ የሚጠይቀው ጓደኛው ነው። «አንድ ለአምስት» የሚባለውን የተማሪዎች ቡድን ያስታውሱታል?

ጋሼ፦ ያንን እንኳ ተዪው። ጎበዙ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። ደግሞ ምን ምን ሲሠራበት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

መምህርት፦ ስሙን ትቼዋለሁ። በእኔ ክፍል ጓደኛ የሚፈቀድለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያልገባውን መጠየቅ። «ጎበዝ»፣ «ሰነፍ» ማለት የለም፣ የጓደኛን ደብተር በእስክሪብቶ መንካትም የለም። የእርስዎን የልጅ ልጅ «ውሾቹ ለምን በየተራ ይጮኻሉ?» ብላ የጠየቀችው አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ እኔ አልነበርኩም። ለጥያቄዋ መልስ ለመስጠት ነው እንግዲህ በቀስት ካስገባው እነዚህን ሁለት መስመሮች የሰረዘው።

ጋሼ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ደብተር ደብተር ነው ልጄ። እኛ ስናድግ የሰረዘ ልጅ ታይቶ አይታለፍም ነበር። ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ይፈትገዋል፤ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ስለ ቀደደ ይገረፋል።

መምህርት፦ ያ ልጅ ዛሬም አለ። ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ደብተር በነጻ ይሰጣል፣ ወረቀቱ ተገኝቷል። ፍርሃቱ ግን አልቀረም። ማታ እናት ደብተሩን ስትገልጥ የምትፈልገው «ራይት» ነው። «ኤክስ» ካየች ቁጣ፣ ስርዝ ካየች ቁጣ። ልጁ ታዲያ ምን ያደርጋል? ፊደሉን እርግጠኛ የሆነበትን ቃል ብቻ ይጽፋል። «ላም የቤት እንስሳ ናት» ከሚለው አይወጣም። አፉ ግን እንዲያ አይደለም፤ በዕረፍት ሰዓት ሲያወራ ቢሰሙት ጉድ ይላሉ። የሚያወራው ልጅና የሚጽፈው ልጅ አንድ ሰው አይመስሉም።

ጋሼ፦ ይህስ እውነት ነው። እኔም ስንት ዓመት «የትምህርት ጥቅም» የሚል ድርሰት አርሜያለሁ። ትምህርት የዕድገት መሠረት ነው፣ ትምህርት ብርሃን ነው፣ ያልተማረ ሰው ዕውር ነው። የአንዱን ስም አጥፍተሽ የሌላውን ብትጽፊበት ለውጥ የለውም።

መምህርት፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቅኔ ቤት ሳሉ እንዴት ነበር?

ጋሼ፦ ቅኔን ምን አመጣው?

መምህርት፦ ብቻ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ ጠዋት ቆጠራ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር፣ ከወንዝ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ብቻውን ይቀመጣል። ወረቀት የለ፣ ብዕር የለ። ጀማሪ ከሆነ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት ቤት ቀላል መስሎሽ! ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ባዶውን የሚነሣ አለ። ከዚያ ነገራ ይመጣል። የኔታ ዘንድ ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። «ቤት አልመታም» ይላሉ። «ሰሙን ሰማሁት፣ ወርቁ የት አለ?» ይላሉ። አንዳንዴ አንዲት ቃል አውጥተው ሌላ ይተኩበታል፤ በዚያች በአንዲት ቃል ሁለቱም ቤት ነፍስ ይዘራል። ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። ከየኔታ በፊት ደግሞ የቆዩት ተማሪዎች ጀማሪውን ይሰሙታል፣ ያቃኑታል። ጉባኤ ቃናው ሲደላደልለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ ይሄዳል፤ መወድስ ሲደርስ ስምንት ቤት ነው። የሌላ ሰው ቅኔ የኔ ነው ብሎ መምጣት ነውር ነው። የትናንቱን መድገምም አይሆንም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ ነው።

መምህርት፦ የኔታ ከአሥር ስንት ይሰጡ ነበር?

ጋሼ፦ ምን ከአሥር አለ! ካልሆነ አልሆነም፣ ሂድና ቁጠር። ሲሆን እሰየው።

መምህርት፦ እንግዲህ ብቻውን ያስባል፣ ለቆየ ተማሪ ያሰማል፣ ለየኔታ ይናገራል፣ ገና ትኩስ ሳለ ይታረማል፣ ተመልሶ ይሠራል። በመጨረሻ በማኅሌት በሰው ፊት ይቀርባል። ኒው ሃምፕሻየር ድረስ ማን ላከኝ?

ጋሼ፦ (ቆይተው) ይህን እንኳ አላሰብኩትም ብል አላፍርም። ግን ቆዪ፤ እዚያ ላይ አንድ ነገር ጎድሎሻል። በኛ አገር ቅኔ የሚቆጥረውና መጽሐፍ የሚጽፈው ሁለት ሰው ናቸው። ባለ ቅኔው ብዕር አይነካም፤ ሥራው በአእምሮው ነው፣ እንዳሻው ያፈርሳል፣ እንዳሻው ይሠራል፣ ፍርስራሹን የሚያይበት ሰው የለም። ቁም ጸሐፊው ሌላ ነው። ቆዳው ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና እስኪሆን ስንት ድካም አለው። መስመሩ ይሰመራል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል። እሱ የራሱን ነገር አይጽፍም፤ ያለቀ መጽሐፍ ከፊቱ አስቀምጦ ይገለብጣል። ከሳተ በካራ መፋቅ ነው፣ ብራናውም ይጎዳል። ስለዚህ አለመሳት ሙያው ነው። ንጽሕናው ክብሩ ነው።

መምህርት፦ አስኳላስ?

ጋሼ፦ አስኳላ ሁለቱን አንድ ልጅ ላይ ጫናቸው። «ድርሰት ጻፍ» ሲለው ባለ ቅኔ ሁን ማለቱ ነው፤ ሲያርመው ግን እንደ ቁም ጸሐፊ ይቀጣዋል። ያላሰበውን እያሰበ፣ እጁ ገና ፊደል እየለመደ፣ በዚያው ላይ ገጹ እንዳይቆሽሽ። ይህ ለዐዋቂም አይቻልም። እንደኔ እንደኔ እኛ አስተማሪዎች የወረስነው ቁም ጸሐፊውን ነው፤ ባለ ቅኔውን እዚያው ቅኔ ቤት ትተነው መጣን።

መምህርት፦ ታዲያ ክሱ ተነሣልኝ?

ጋሼ፦ ግማሹ ተነሣ። ሌላው ግማሽ አለ። የቅኔ ተማሪ ዝም ብሎ አልነበረም ዛፍ ሥር የሚቀመጠው። ግስ አለ። አገባብ አለ። ማታ ማታ ግስ ሲያወርድ፣ ሲያስታውስ ያድራል። ቃል የሌለው ምን ይቆጥራል? አንቺ «እንደመሰለህ ጻፈው» ስትይ እፈራለሁ። እንደመሰለው የጻፈ ልጅ እንደመሰለው ይቀራል። ደግሞ ማንበብስ? 2002 ዓ.ም. ላይ በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ተብሎ ስንት ወሬ ነበር። ያላነበበ እንዴት ይጽፋል?

መምህርት፦ ስለ ንባቡ አልከራከርዎትም። ከዚያ ምዘና በኋላ ነው በሰባት የአገራችን ቋንቋዎች አዳዲስ መጻሕፍት የተዘጋጁት። ግን ማንበብ እስኪያልቅ መጻፍ ይጠብቅ ካሉኝ አልስማማም። የራሱን ዓረፍተ ነገር ለጓደኛው ለማንበብ የተነሣ ልጅ ፊደሉን እንዴት አድርጎ እንደሚያጠና ቢያዩ! ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ የራሱን ጽሑፍ ደጋግሞ ያነባል፣ ምክንያቱም የእሱ ነው። ስለ ግሱ ያሉት ግን ልክ ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው በዚሁ ተጣልተዋል። ሊሳ ዴልፒት የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1986 ጻፈች፤ ልጁን ለራሱ ትታችሁ «ድምፅህን አውጣ» ብትሉት የሚጎዳው የድሃ ልጅ ነው ማለቷ ነው። ደንቡን ቤቱ የተማረ ልጅ ያውቀዋል፤ ያልተማረው ካላስተማራችሁት ከየት ያመጣዋል?

ጋሼ፦ ሴትየዋ ቅኔ ቤት ገብታለች መሰል።

መምህርት፦ እኔም ክፍል ያው ነው። ወላጆቻቸው ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ ልጆች አሉኝ። አማርኛውን ያገኙት ከመንገድ ነው፤ ቤት የሚናገሩት ጋሞኛ ነው። ኦሮምኛ ቤታቸው የሆነ አሉ። እነሱን «ሐሳብህን ብቻ ግለጽ» ብዬ ዓመቱን ብጨርስ በደልኳቸው። ስለዚህ ሐሙስ ቀልድ የለም። ለምሳሌ ባለፈው ሐሙስ የአንድ ልጅ ረቂቅ ፈቃዱን ጠይቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ኃይለ ቃሉ የት እንደሆነ ፈለግን። «ሄደ»፣ «ገዛ»፣ «መጣ» እያለ የደረደራቸውን ዓረፍተ ነገሮች «ሄዶ»፣ «ገዝቶ»፣ «መጣ» ብለን አሰርናቸው። ክፍሉ በሙሉ ያንኑ በየራሱ ረቂቅ ላይ ሞከረ። ግስ ማስተማር ይኸው አይደለም? ልዩነቱ፣ ልጁ ደንቡን የሚማረው ሊናገር የፈለገው ነገር በእጁ ሳለ ነው።

ጋሼ፦ ሞክሼ ፊደሎቹንስ? ሀ፣ ሐ፣ ኀ?

መምህርት፦ እሱ ላይ ልፈርድ አልችልም። ምሁራኑም ሲከራከሩበት ኖረዋል፣ ጋዜጣውም እንደፈለገ ይጽፋል። አንድ ልጅ አንዱን ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ፊደል ከጻፈልኝ ለ4ኛ ክፍል ይበቃኛል። «ፀሐይ»ን ግን ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ከጻፈ አልፈቅድም።

ጋሼ፦ እኔ እንኳ ይህን አልቀበልም። «ሠረቀ»ና «ሰረቀ» የተለያዩ መሆናቸውን ከአሁኑ ካላወቀ መቼ ሊያውቅ ነው? ተዪው፣ በዚህ ሳንስማማ እንለያይ።

መምህርት፦ እንለያይ።

ጋሼ፦ ዓርብ የሚገለበጠው የት ይደርሳል? ደብተሩ ውስጥ ይቀራል?

መምህርት፦ አይቀርም። ወረቀቶቹን ሰብስበን በክር እንሰፋቸዋለን፣ የክፍሉ መጽሐፍ ይሆናል። ተራ በተራ ቤት ይወስዱታል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከሳን ፍራንሲስኮ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. እዚሁ ከእኛ በታች ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ አገር ሁሉ ሰማ። ዛሬም ቢሆን ክፍሌ ውስጥ ስለ ጉራራ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ብፈልግ ያለኝ እነሱ የሰፉት ብቻ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱ እናቶች የጻፈች ልጅ አለች። አንዷ እናቷ ናት። ከሁሉም በላይ የሚዋሱት የእሷ ጽሑፍ ያለበትን መጽሐፍ ነው።

ጋሼ፦ ዳይሬክተሩ ምን ይላሉ?

መምህርት፦ አይከለክሉኝም። ግን ጥያቄ አላቸው፣ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። «6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ እዚያ ላይ የሚያይለው ምርጫ ነው፤ አንቺ ሳምንት ሙሉ አንድ አንቀጽ ላይ ስትቆዪ የሌላው ክፍል ልጅ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሲለማመድ ይውላል» ይሉኛል። ምን እመልሳለሁ? ከእንግዲህ ሁለት ዓመት በኋላ የእርስዎ የልጅ ልጅ ክብ አጥቁሮ ይወጣል። የውሾቹን ጩኸት የሚጠይቀው ሰው የለም።

ጋሼ፦ ፈተናው ላይ ካልመጣ አስተማሪውም ወላጁም አይለፋበትም። ዋናው ጣጣ ይህ ነው። የቀረው ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው።

መምህርት፦ ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። አንዱ ትንሽ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተያይዘው ይሰጡኝ። በ40 ደቂቃ ረቂቅ ተጀምሮ አያልቅም።

ጋሼ፦ እሱን ለእኔ ተዪው። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። እምቢ ቢሉ እንኳ ሽማግሌ ሲናገር ይሰማሉ።

መምህርት፦ ሁለተኛው ከእርስዎም ከእኔም በላይ ነው። የ6ኛ ክፍል ፈተና ላይ አንድ አንቀጽ የሚጻፍበት ቦታ ይኑር።

ጋሼ፦ ማን ያርመዋል? የከተማው ልጅ ሁሉ አንቀጽ ነው እኮ። ምርጫውን ማሽን ያነበዋል።

መምህርት፦ የየካን ልጆች ወረቀት የጉለሌ መምህራን፣ የጉለሌን የየካ መምህራን ያርሙ። ስም ይሸፈን፣ ሁለት ሰው ይየው። ክረምት ላይ ሳምንት ቢፈጅ ነው፤ እኔ በበኩሌ ያለ አበል እመጣለሁ። ትምህርት ቢሮ ከሚቀጥለው ፈተና ጀምሮ በአማርኛው ወረቀት መጨረሻ ላይ አምስት ባዶ መስመር ይተውልን።